በጉ ጣፍጦን ነበር፦ ትንሽ ዳቦ ቤት ውስጥ ሠራተኛን በክብር የመያዝ መመሪያ

አንድ ዓመት ለዘመን መለወጫ ለሠራተኞቼ ትልቅ በግ ገዛሁ። ዳቦ ቤቱና ካፌው አንድ ላይ ናቸው፤ ያኔ 17 ሰው ነበርን። በጉ ታረደ፣ ተበላ፣ ተመረቅሁ። «እኔን የመሰለ አሠሪ ከየት ይገኛል» ሳልል አልቀረሁም፣ በሆዴ።

መስቀል ሳይደርስ ሁለት ሰው ለቀቀ። አንዱ የሌሊት ጋጋሪዬ ነበር፤ እሱን የሚያህል እስካሁን አላገኘሁም። «ምን አጎደልኩብህ?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ቆየ። «ጋሼ፣ በጉ ጣፍጦን ነበር። አከራዬ ግን በግ አይቀበልም» አለኝ።

ለካ የነሐሴን ደመወዝ ለበዓሉ ዱቄትና ዘይት ልግዛበት ብዬ አዘግይቼው ነበር። «ለበዓል ሽያጭ ታገሱኝ» ስላቸው ሁሉም «እሺ» ብለውኛል። እኔም እሺታውን አምኜ ወደ በግ ተራ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። ከአምስት እስከ ሠላሳ ሰው ለምታሠሩ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍል ለሌላችሁ፣ ራሳችሁ ባለቤትም ካሸርም ሽማግሌም ለሆናችሁ። ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ብዙዎቻችን ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ከበጉ። መጀመሪያ ግን መብቱ ነው፣ ቀጥሎ አክብሮቱ፣ ደግነት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መብቱን ያልሰጡት ሰው ላይ የሚፈስ ደግነት ውለታ ይሆንበታል። በውለታ የታሰረ ሰው ደግሞ ሲከፋው አይናገርም፤ አንድ ቀን ዝም ብሎ ይቀራል።

የምጠቅሳቸው የሕግ ቁጥሮች ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ናቸው። አዋጁን አትማችሁ ካሸሩ ጋ አስቀምጡት። ሠራተኛ ያነበዋል ብላችሁ አትፍሩ፤ ቢያነበው ለእናንተም ይሻላል።

1. የደመወዝ ቀን አትንኩ

ቀን ቁረጡ። በ28 ይሁን በ30 ግድ የለም፣ ግን አይዛነፍ። ሠራተኛው ኪራዩን፣ እቁቡን፣ የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያ የሚያሰላው በዚያ ቀን ነው። እናንተ አምስት ቀን ስታዘገዩ እሱ አከራይ ፊት፣ እቁብ ሰብሳቢ ፊት፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ፊት ያፍራል። ሦስት ቦታ ማለት ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የወሩን ጠቅላላ ደመወዝ ከነጡረታው ደምሩና ለ30 አካፍሉት። ድምሩ 180,000 ብር ከሆነ በቀን 6,000 ብር ይመጣል። ሁልጊዜ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ያንን ብር ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ አስተላልፉት። ሽያጭ ቀዝቅዞ 4,000 ብቻ ካስገባችሁ በማግስቱ 8,000 ታስገባላችሁ። ከዚያ ሂሳብ ዱቄት አይገዛም፣ መብራት አይከፈልም። እኔ መጀመሪያ ሁለት ወር አልቻልኩም፤ እጄ እየሄደ ይነካው ነበር። በኋላ ካርዱን ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ ከእሷ መጠየቅ ዱቄት በዱቤ ከመለመን ይከብዳል።

ጡረታም አለ። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ትቆርጣላችሁ፣ እናንተ 11 በመቶ ትጨምራላችሁ። የሰውየውን 7 ቆርጦ አለማስገባት ስሙ መዘግየት አይደለም፤ ስሙን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

በእርግጥ አንድ ወር ሊያቅት ይችላል። ያኔ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሰብስባችሁ ንገሩ። «ታገሱኝ» አይበቃም፤ ቀን ስጡ። «ግማሹ በ30 ይገባል፣ ግማሹ በ5» ማለት አከራይ ዘንድ ሄዶ የሚነገር ነገር ነው። «ታገሱኝ» ግን ለማንም አይነገርም።

2. ሰዓቱን ወረቀት ላይ አውርዱት

መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ነው። እሱም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ዳቦ ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። የበዓል ዋዜማ ሲመጣ ሁላችንም ሰዓት እንረሳለን።

ስሌቱን እንዲህ አድርጉት። በሳምንት 48 ሰዓት በወር አማካይ 208 ሰዓት ይመጣል። ደመወዙ 8,320 ብር የሆነ ሰው የአንድ ሰዓት ዋጋው 40 ብር ነው ማለት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ከሠራ በአንድ ተኩል ይባዛል፣ 60 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ 70 ብር። በሳምንት ዕረፍቱ ቀን እጥፍ ነው፣ 80 ብር። በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል፣ 100 ብር። ይህንን ሰንጠረዥ በእያንዳንዱ ሰው ደመወዝ ሠርታችሁ ለየብቻ ስጡት። ትርፍ ሰዓቱን ሠራተኛው ራሱ በደብተር ይመዝግብ፣ ኃላፊው ይፈርምበት።

እዚህ ላይ አንድ የምንወዳት ዓረፍተ ነገር አለች። «እኛኮ ቤተሰብ ነን።» እኔም ብዙ ጊዜ ብያታለሁ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህች ነገር የምትመጣው ሁልጊዜ ሰዓት ሲያልፍ ነው፤ ደመወዝ ሲጨመር አትመጣም። ቤተሰብ ከሆናችሁ ሠራተኞቻችሁ ይናገሩት፣ እናንተ አትናገሩት።

ቲፕም የአስተናጋጆቹ ነው። ሌላ የሚባል ነገር የለውም።

3. አጠራራችሁን አስተካክሉ

ይህ በነጻ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም ትኩረት አይሰጠውም።

አንድ ቀን ጠዋት ካፌያችሁ ውስጥ ቁጭ በሉና ሰዎች እርስ በርስ ምን እያሉ እንደሚጠራሩ ስሙ። «ዕቃ አጣቢዋን ጥሯት።» «ዘበኛው የት ሄደ?» «ያቺ አዲሷ።» ስድስት ወር የሠራች ሴት «አዲሷ» ስትባል ሰምቻለሁ፤ የምትለው ደግሞ ኃላፊው ነበር። ስሟን አያውቀውም።

ስለዚህ ሰው ሲቀጠር በመጀመሪያው ቀን «ምን ተብለህ ብትጠራ ደስ ይልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ የቤት ስሙን ይመርጣል። አንዳንዱ በቤት ስሙ ከሥራ ቦታ ሰው መጠራት አይፈልግም። የ60 ዓመቱን ጥበቃ የ24 ዓመት ሱፐርቫይዘር «አንተ» ካለው ሰውየው ምንም አይልም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያብላላው ይውላል። እኛ ጋ ከአባትህ ዕድሜ የቀረበ ሁሉ «አንቱ» ነው፤ ሥራው ምንም ይሁን። ደመወዙ ከደመወዝህ ቢያንስም ያው ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አታጋንኑት። እኔ ይህ ነገር የገባኝ ሰሞን ለሁሉም «እርስዎ» ማለት ጀመርኩ። የ20 ዓመቷን ካሸር «እርስዎ» ስላት ፊቷ ተለዋወጠ። ማታ ለጓደኛዋ «ጋሼ ተቀይሞኛል፣ ሊያባርረኝ ነው» ብላ አልቅሳለች። ለልጅ «አንቺ» ቁልምጫ ነው። «እርስዎ» ሲመጣ ኩርፊያ ይመስላል።

አጠራር ከእናንተ ብቻ አይመጣም፤ ከደንበኛም ይመጣል። አጨብጭቦ የሚጠራ አለ። አስተናጋጇን እጇን ይዞ የማይለቅ አለ። እዚህ ጋ ሠራተኛው የሚያየው እናንተን ነው። አዋጁ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል አንቀጽ የለውም። እኔ የማደርገው ይህንን ነው፦

እጅ የያዘ ሰው ሲኖር ጠረጴዛውን ራሴ እረከባለሁ። ልጅቷ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ትዛወራለች፤ ቲፑ እንዳይቀርባት ወደ ጥሩው ጠረጴዛ። ሰውየውን «ከአሁን በኋላ የማስተናግድዎት እኔ ነኝ» እለዋለሁ፣ ድምፄን ሳልጨምር። ከደገመ ሂሳቡ ይመጣለታል። እስካሁን በዚህ ምክንያት ሁለት ቋሚ ደንበኛ ጠፍቶብኛል። አንደኛው በየቀኑ ሁለት ማኪያቶ የሚጠጣ ነበር። ኪሳራውን አስልቼዋለሁ፤ አዲስ አስተናጋጅ ከማሠልጠን ይረክሳል።

4. ስህተት ሲፈጠር

አንድ ሙሉ ሌሊት ዳቦ አርሯል እንበል። ወይም 12 ብርጭቆ የያዘ ትሪ ወድቋል። መጀመሪያ የሚመጣባችሁን ዓረፍተ ነገር ዋጡት። እውነቴን ነው፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ መጥፎው ነው።

ቀጥሎ ሰው ተጎድቶ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ሥራውን አስቀጥሉ። ሰውየውን ለብቻው የምታናግሩት ቆይታችሁ ነው፣ ፈረቃው ከማለቁ በፊት። ለማግስቱ አታሳድሩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲባንን ያድራል። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ክስ ነው፤ መልሱም ሰበብ ይሆናል። «ምን አጋጠመህ?» ስትሉት ታሪኩን ይነግራችኋል። እኔ በዚህች ጥያቄ የምድጃው መቆጣጠሪያ ከተበላሸ ሦስት ሳምንት እንደሆነው አውቄአለሁ። ሦስቱንም ሳምንት ጋጋሪው በግምት ነበር የሚጋግረው። ለመናገር ፈርቶ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሲናገር «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ስለተባለ። ያለው ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ብርጭቆ ሲሰበር ከደመወዝ መቁረጥ በየካፌው የተለመደ ነው። ሕጉ ግን በዘፈቀደ አይፈቅድም። ከደመወዝ ለመቀነስ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ቅነሳውም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። እኔ የብርጭቆን ነገር ትቼዋለሁ። በወር የሚሰበረውን እንደ ሳሙናና እንደ ጨርቅ ወጪ አድርጌ ይዤዋለሁ። የሚገርመው ቁጥሩ አልጨመረም። ድሮ የተሰበረውን ይደብቁት ነበር፤ አሁን ይነግሩኛል።

አሽሙር አትጠቀሙ። «አንዳንድ ሰዎች ሰዓት ማንበብ ይቸግራቸዋል» ብሎ በስብሰባ ላይ መናገር ፈሪነት ነው። ያረፈደውን ሰው ስሙን ጠርታችሁ ለብቻው ንገሩት። በሌላ ሰውም አትላኩበት።

እንክብካቤ ማለት ደግሞ ማሞላቀቅ አይደለም። በየቀኑ 40 ደቂቃ የሚያረፍድ ሠራተኛ ካላችሁና ዝም ካላችሁት የበደላችሁት እሱን የምትሸፍነውን ልጅ ነው። በግልጽ ንገሩት፣ የሚቀጥለው በጽሑፍ እንደሚሆን አስታውቁት፣ ከዚያም እንዳላችሁት አድርጉ። ማስጠንቀቂያ ጽፎ መስጠት ክፋት መስሎ ይታየን የለ? ሳይነግሩ ችለው ችለው አንድ ቀን ማባረር ይብሳል።

ይቅርታን በተመለከተ ያለኝ አንድ ሕግ ነው። በሰው ፊት የሰደብኩትን በሰው ፊት ይቅርታ እለዋለሁ። በጓዳ ጠርቶ «ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው» ማለት ለእናንተ ይቀልላችኋል እንጂ ለእሱ ምንም አያነሳለትም። ስድቡን የሰሙት አሥር ሰዎች ይቅርታውን አልሰሙማ።

5. እሺታን ማንበብ ተማሩ

«ችግር አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ኧረ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ወይም «አልሐምዱሊላህ»። ይሉኝታ አለ፣ ፍርሃትም አለ። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን።

«ማታ በምን ትሄጃለሽ?» «ቤት ስትደርሺ ስንት ሰዓት ይሆናል?» «የማታ ትምህርቱ ስንት ስንት ቀን ነው?» እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከአንድ የስብሰባ አጀንዳ ይበልጣሉ። እኛ ካፌውን የምንዘጋው ማታ 3 ሰዓት ነበር። ጽዳት ሲጨምር 3 ተኩል። ስጠይቅ ሁለቱ ሴቶች ከታክሲ ማዞሪያ ጀምሮ 20 ደቂቃ በጨለማ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። በስልክ ባትሪ እያበሩ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሄደዋል፤ አንድ ቀን አልተናገሩም። አሁን ከሽያጭ የምንዘጋው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በበዓል ሰሞን ስናመሽ የሜትር ታክሲ ከፍዬ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን አብረው እልካቸዋለሁ።

የምትጠይቁበት ቦታም ለውጥ አለው። ቢሮ ጠርታችሁ በሩን ስትዘጉ ሁሉም ሰው ሊባረር የመጣ ይመስለዋል። ሊጥ እየተድቦለቦለ አጠገቡ ቆማችሁ ጠይቁ። ቡና ሲፈላ ሦስተኛዋ ሲኒ ላይ ሰው ይናገራል፤ አንደኛዋ ላይ አይደለም።

የማይጠየቅም አለ። «አገርህ የት ነው?» ድሮ የደግ ሰው ጥያቄ ነበረች። ዛሬ ብዙ ሰው ከጀርባዋ ሌላ ጥያቄ ይሰማል፤ ብሔሩን ልትለይ ነው ብሎ ይሸማቀቃል። ራሱ ካላነሳው አታንሱት። «ለምን አታገቢም?»ም እንደዚያው። የነገሯችሁን ደግሞ ለሌላ አትንገሩ፣ ለቀልድም አታድርጉት። አንድ ጊዜ ካመለጣችሁ በቃ፣ ሁለተኛ የሚነግራችሁ የለም።

6. በዓልን፣ ጾምንና ልቅሶን በፈረቃው ውስጥ አስገቧቸው

ወደ በጉ ልመልሳችሁ። ከ17ታችን አራቱ ሙስሊሞች ናቸው። እኔ አንድ በግ አርጄ ሁሉንም ጋበዝኩ። አራቱ ሽሮ በሉ፣ ፈገግ እያሉ። ያን ቀን አላስተዋልኩም። አሁን የበዓል ስጦታ ለሁሉም እኩል ገንዘብ ነው፤ ሁሉም እንደ እምነቱና እንደ ፍላጎቱ ያደርገዋል። ዘይት የሚገዛ አለ፣ ለወላጆቹ የሚልክ አለ።

ወር ሲገባ የፈረቃ ወረቀት ስታወጡ አብራችሁ የቀን መቁጠሪያውን ዘርጉ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከቅዳሴ በፊት የማይበላ ሠራተኛ ምሳውን 6 ሰዓት ላይ ብታቀርቡለት ምን ያደርግለታል? 9 ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ ስጡት፣ ምግቡም የጾም ይሁን። ረቡዕና ዓርብም እንደዚሁ ነው። ድስቱና ማንኪያው የተለየ ይሁን፤ በቅቤ ድስት የተሠራ ሽሮ ጾም አይደለም።

ረመዳን ላይ ማፍጠሪያው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ይህ ካፌ የሚሞላበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ማን ማንን እንደሚተካ ቀድሞ ይጻፍ። አለበለዚያ ሰውየው በአንድ እጁ ትሪ ይዞ በሌላው ቴምር ይጎርሳል። የዓርብ ስግደትም ያው ነው፤ ዓርብ በየሳምንቱ ስለሚመጣ ድንገተኛ ነገር አይደለም።

እኛ ጋ ለፋሲካና ለገና ሌሊት ሙስሊሞቹ ይገባሉ። ለኢድ ደግሞ ክርስቲያኖቹ። ይህን እኔ አይደለሁም የፈጠርኩት። እነሱ ራሳቸው በስልክ እየተደዋወሉ ያደርጉት ነበር፤ እኔ ወረቀት ላይ ጻፍኩትና የበዓል ክፍያውን ጨመርኩበት።

ልቅሶ ሲሆን ሕጉ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅና ለቅርብ ዘመድ ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ይሰጣል። ግን እናንተም እንደምታውቁት ሕይወታችን ከዚያ ይሰፋል። ያሳደገች ጎረቤት ትሞታለች። እድርተኛ ይሞታል፤ ካልቀበሩ ቅጣት አለው። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሠራተኛ ከሠራተኛ ጋር ቀን እንዲለዋወጥ ፈቅጃለሁ። ለኃላፊው በስልክ መልእክት ማሳወቅ ይበቃል፤ ማስረጃ አልጠይቅም። ሁለት ጊዜ ተዋሽቻለሁ ብዬ እገምታለሁ። ይሁን።

ለቤተሰብ ልቅሶ ግን ራሳችሁ ሂዱ። ካልቻላችሁ ከሰልስቱ በፊት ሰው ላኩ፣ ዳቦም ላኩ። ንፍሮ አብራችሁ ብሉ። ለመዋጮ ግን በየሠራተኛው እጅ ወረቀት አታዙሩ። አነስተኛ ደመወዝ ያለውን ሰው ስሙን ከነብሩ ግድግዳ ላይ መለጠፍ እሱን መግፈፍ ነው።

7. የሰው አካል

አጭር ነው፣ ግን ዛሬ ማታ ሊሠራ ይችላል። ካሸሯ የምትቀመጥበት ወንበር አላት? ደንበኛ በሌለበት ሰዓት አስተናጋጅ መቀመጥ ይፈቀድለታል? የሠራተኛውን ሽንት ቤት ራሳችሁ ገብታችሁበት ታውቃላችሁ? እኔ በሦስተኛው ዓመቴ ነው የገባሁበት፤ በሩ አይዘጋም ነበር። የ50 ኪሎ ዱቄት ጆንያ ለሁለት ይነሣ።

ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይቻልም፤ ትርፍ ሰዓትም አይቻልም። ለምርመራ ስትሄድ ቀኑ ይከፈላታል። ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ዕረፍት አላት። አባት የሆነውም 3 ቀን አለው። ሲወልድ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ብላችሁ ማግስቱን ጥሩልኝ አትበሉ።

ለሕመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የዓመት ፈቃድ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። በየሁለት ዓመቱ አንድ ይጨምራል። «ፈቃድህን በገንዘብ ልስጥህ» የሚለውን ሕጉ ከልክሎታል። ደግሞም ሦስት ዓመት ያላረፈ ጋጋሪ ምን እንደሚመስል ሌሊት ሄዳችሁ እዩት።

8. ብድር ሲጠየቅ

ይጠየቃል። አብዛኛው ሰው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን አዝኖ ይሰጣል፣ አንዱን ተናዶ ይከለክላል።

ደንብ አውጡና ለሁሉም አንድ አድርጉት። የእኛ እንዲህ ነው፦ እስከ ግማሽ ወር ደመወዝ፣ በሦስት ወር የሚመለስ፣ ወለድ የለውም፣ ሁለታችንም የምንፈርምበት አንድ ገጽ ወረቀት። ሕክምና ከሆነ እስከ አንድ ወር ደመወዝ፣ በስድስት ወር። ለምን እንደፈለገው ከሕክምናው በስተቀር አልጠይቅም። ገንዘቡን በስልክ አስተላልፋለሁ፤ ሰው ፊት ቆጥሬ አልሰጥም።

ከሰጣችሁ በኋላ ደግሞ እርሱት። ትርፍ ሰዓት አልገባም ሲላችሁ «ባለፈው ስትቸገር ማን ደረሰልህ?» ካላችሁት ያ ብር ብድር መሆኑ ቀርቷል። ሰውየውን ገዝታችሁታል።

9. ሲለቅ

በማስጠንቀቂያ፣ ማለትም ቀድማችሁ አስታውቃችሁ የምታሰናብቱት ሠራተኛ ከሆነ የማስታወቂያው ጊዜ በአገልግሎቱ ይወሰናል። እስከ አንድ ዓመት ለሠራ አንድ ወር፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ በላይ ሦስት ወር። የሚገባውን ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ጨርሱ።

ራሱ ሲለቅ የሚፈትነን ሌላ ነው። እንደተከዳን እንቆጥረዋለን። «አሠልጥኜው!» እንላለን። አዎ፣ አሠለጠናችሁት፤ እሱም ሠራላችሁ፤ ተከፋፍላችኋል። የመጨረሻ ቀኑ ላይ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላ፣ ኬክ ይቆረስ። ለምን እንደለቀቀም ጠይቁት፤ የሚሄድ ሰው የሚቀረው የማይናገረውን ይናገራል። እኔ ስለበጉ የሰማሁት በዚህ መንገድ ነው።

የሥራ ልምድ ወረቀቱን በነጻ መስጠት ግዴታ ነው፤ ሳይለቅም ቢጠይቅ። ያንን ጋጋሪ ለዚህች ወረቀት ሦስት ሳምንት አመላልሼዋለሁ። «ነገ ና፣ ማኅተሙ የለም» እያልኩ። ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አሁን ቅጹ ኮምፒውተሬ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፦ ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዝ። አትሞ ማኅተም ለመምታት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።